የተቆረጡት አሥራ ሁለት ገጾች

ባለፈው ሳምንት አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት ከጎንደር ደወለልኝ። የተማርኩበት ኮሌጅ አንዲት አንጋፋ መምህርት ወደ ሌላ ኃላፊነት ስለምትሄድ በክብር ሊሸኛት ነው አለኝ። ለሽኝቱ መጽሔት እየተዘጋጀ ነው፤ «አብረዋት ስለተማሩ ሁለት ገጽ ትዝታ ቢጽፉልን» አለ። ምን ዓይነት ትዝታ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ያው ጥሩ ጥሩውን» አለ ሳቅ ብሎ። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት።

አሰብኩበት። ጥሩ ጥሩውን የሚጽፍላት ሰው አታጣም። እኔ የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ለመጽሔታቸው ግን አይደለም። ስሟንም እንዳለ አልጠራውም፤ ስንዱ ልበላት። የራሴን አልቀይረውም። ሰዓዳ ነኝ። እኔ የምደብቀው የለኝም።

ጊዜው በሰሜን ጦርነት የነበረበት ነው። ወታደር የጫኑ መኪኖች ከተማውን አቋርጠው ሲያልፉ አቧራቸው በክፍላችን መስኮት ይገባ ነበር። አባቴ በቅዳሜ ገበያ ቅመም ይነግዳል። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ከእርሱ የገዛ ሰው ሌላ ቦታ ወስዶ አያስመዝንም፤ እንደዚያ የታመነ ሰው ነበር። ኮሌጅ ልግባ ስል አጎቴ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ «ሴት ልጅ እዚያ ግቢ ገብታ ስማችንን ነው የምታስነሳው» አለው። አባቴ ሻዩን አስቀመጠና፣ «ሰዓዳን እኔ አውቃታለሁ፤ በእሷ እምላለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቴ የራሴ ብቻ አልነበረም። አባቴ በዘመድ ፊት የማለበት ነገር ነበር።

ስንዱ የዳባት ገበሬ ልጅ ናት። ስትመጣ አንድ ከረጢት በሶና አንድ ሹራብ ነበራት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ የክርስቲያን ሥጋ፣ እኔ የእስላም ሥጋ ስለምንበላ፣ አብረን የምንበላው እሷ በምትጾምበት ቀን ብቻ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ከቤቴ ሽሮ በሰሃን አምጥቼ ከላብራቶሪው ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር እንበላለን። ሁዳዴ ሲገባማ ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ሰሃን ነው።

«ሰዓዳዬ፣ ጾም ባይኖር በምን እንዋደድ ነበር?» ትለኛለች ጣቷን እየላሰች።

«አንቺ የወደድሽው ሽሮውን ነው» እላታለሁ።

«ሽሮውንማ ማን ይጠላል? አንቺን ነው እየቻልኩ ያለሁት።»

እንዲህ ነበርን። ያኔ ያሳቀኝ አሁን አያስቀኝም፤ የነበረውን ግን አልክድም።

በመጨረሻው ዓመት የሴል ባዮሎጂ መምህራችን የሁለታችንን ሴሚናር ከአንድ ምዕራፍ አወጣው። ጉዳዩ የአጥቢዎች ሴል የተበጠሰ ዲኤንኤን እንዴት እንደሚጠግን ነው። ዲኤንኤ ሁለት የተጠማዘዙ ክሮች አሉት። አንዱ ብቻ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ያቆየዋል፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ ሲበጠሱ ግን ሴሉ ይጨነቃል። የሚድንበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የተበጠሱትን ጫፎች ባሉበት ቶሎ ማጋጠም ነው፤ ይህ ለስንዱ ደረሳት። ሁለተኛው ሆሞሎገስ ሪኮምቢኔሽን የሚሉት ነው፤ ያልተበጠሰ ቅጂ ፈልጎ፣ የጎደለውን ከእሱ እያዩ መልሶ መጻፍ። ይህ ለእኔ ደረሰኝ። በክፍሉ ከፍተኛ ውጤት የነበረን ሁለታችን ስለነበርን፣ የተሻለ ያቀረበችው በረዳት መምህርነት እንደምትቀር ሁሉም ያውቃል።

ምዕራፉ ያለበት መጽሐፍ በኮሌጁ ሁለት ቅጂ ብቻ ነበረው። አንዱ በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ተቆልፎበታል። ሌላው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መታወቂያ አስይዘው ፈርመው ለሁለት ሰዓት እዚያው የሚያነቡት ነው። ያኔ ተማሪ የሚፈልገውን ገጽ በምላጭ ቆርጦ መውሰዱ የተለመደ በሽታ ነበር። ፎቶ ኮፒ የለም፤ ቢኖርም ቀለም የለውም። ግማሹ መጽሐፍ ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ እትዬ ብርሃኔ ለዚህ ብለው መጽሐፉ ሲወጣም ሲመለስም ይገልጡታል፤ ወረፋ በበዛበት ቀን ግን አይደርሱም።

ከሰሙነ ሕማማት በፊት በነበረው ዓርብ መጽሐፉን በስሜ ፈርሜ ወሰድኩ። ስንዱ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዙሁር ሲደርስ ልሰግድ ወጣሁና መጽሐፉን ለእሷ ተውኩላት። ስመለስ ዘግታው አገኘኋት። «ራሴን አመመኝ፤ ደግሞም ማኪና ያመልጠኛል» ብላ ተነሣች፤ ለፋሲካ ወደ አገሯ እየሄደች ነበር። መጽሐፉን መለስኩ፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር እትዬ ብርሃኔ ሳይገልጡ ተቀበሉኝ።

ሰኞ ጠዋት አስጠሩኝ። መጽሐፉ ከፊታቸው ተገልጧል። ስድስት ቅጠል፣ አሥራ ሁለት ገጽ የለም። መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ስም የእኔ ነው።

«አልቆረጥኩም» አልኳቸው።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ገጾቹን ይዘሽ ነይ። አለዚያ እጽፋለሁ።»

ማን እንደቆረጠ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ለአባቴ ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው ብዬ ሐሙስ ማለዳ ዳባት የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያኔ መንገዱ ፒስታ ነው። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። ማሳው ሁሉ ታርሶ ባዶውን ዝናብ ይጠብቃል፤ ባሕር ዛፉ በነፋሱ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። ከጎኔ የተቀመጡ ሴት የተቆላ ገብስ በእፍኛቸው ዘግነው ሰጡኝ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን ነገር ሳሰላ ነበር። የተናገርኩት ግን ከዚያ ሁሉ አንዱንም አይደለም።

ስንዱ ከቤታቸው ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ አገኘችኝ።

«ምነው ሰዓዳ? ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ገጾቹን ስጪኝ።»

«የምን ገጽ?» አለችና ፊቴን አይታ ተወችው። ገብታ ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ አመጣቻቸው። «ልመልሰው ነበር። ወላሂ ልመልሰው ነበር።»

«በኔ መሐላ አትማዪ።»

«እዚህ መጽሐፍ የለ፣ መብራት የለ። ባዶ እጄን ልክረም? አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፤ መጽሐፉ ከደጅሽ ነው።»

«ከደጄማ ነው። ገጽ የለውም እንጂ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ለእትዬ ብርሃኔ ራሴ እናገራለሁ አለች። «ለአባቴ ግን እንዳትነግሪብኝ። ላሙን ሸጦ ነው ያስተማረኝ።» እሺ አልኳት። ቃሏን ተቀብዬ ገባሁ።

አባቷን ሁሉም አያ ተገኘ ይላቸዋል። ጸሎተ ሐሙስ ነበርና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉልባን ቀርቧል፤ ባቄላና ስንዴ አብሮ የተቀቀለ። ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጉልባን ትበያለሽ ልጄ? ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ ያንቺንም የኛንም ሃይማኖት አያስቀይም።»

«እበላለሁ አያ ተገኘ።»

«ሸጋ ልጅ። በዚህ ብርድ ምን ጉዳይ አመጣሽ?»

ስንዱ ቀደመችኝ። «ወረቀቷ ከኔ ደብተር ጋር ተቀላቅሎ መጥቶባት ነው።»

«ለወረቀት ይህን ሁሉ መንገድ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። መልሴን ጠበቁ። ሽማግሌው የሆነ ነገር እንደጎደለ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ይናገራል። አፌ ውስጥ ባቄላ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን በእኛም ቤት በእነርሱም ቤት የበሉበትን ቤት ልጅ በአባቷ ፊት አያዋርዱም። እንዲያ ብለው ነው ያሳደጉን። ዋጥኩና፣ «አዎ፣ ለወረቀቱ ነው» አልኩ።

እዚያው አድሬ በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ተመለስኩ።

እንግዲህ የእኔ ሞኝነት እዚህ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ እትዬ ብርሃኔ ሳያዩኝ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንስቼ ገጾቹን እዚያው በኮላ ለጠፍኳቸው። ስንዱ በችኮላ ስለቆረጠች ምላጩ አግድም ሄዶ የመስመሩን መጀመሪያ ፊደላት መጽሐፉ ላይ ካለው ቁራጭ ጋር አስቀርቷቸዋል። ወረቀቱን ከቁራጩ ላይ ደርቤ ስለጥፍ ፊደላቱ ተሸፈኑ። አንዱን ቅጠል ደግሞ ፊቱን ወደኋላ አድርጌ አጣበቅሁት። ይህን ይዤ እትዬ ብርሃኔ ፊት ቆምኩ፤ ገጾቹን ማምጣቴ ነፃ የሚያወጣኝ መስሎኝ።

እሳቸው አንድ በአንድ ገለጡ። «ከአንቺ ዘንድ ነበሩ ማለት ነው» አሉ። «ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

አባቴ የጁምዓ ልብሱን ለብሶ መጣ። ሱቁን በሥራ ቀን ሲዘጋ ያን ቀን ነው ያየሁት። መጽሐፉን አገላበጠ፤ እንግሊዝኛ አያነብም፣ ኮላውን ግን አየ። በሩ ላይ ተማሪዎች ተሰብስበዋል። ስንዱም ከአገሯ ተመልሳ ከመካከላቸው ቆማለች።

«ሰዓዳ፣ አንቺ ቆርጠሻል?» አለኝ አባቴ።

«አልቆረጥኩም አባባ።»

«ማን ቆረጠ?»

ወደ በሩ ዞርኩ። ስንዱን አየኋት፤ አየችኝ። ቃል ገብታልኛለችና አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዋን አስተካከለች። ቀጥሎ ጫማዋን አየች።

«ዳባት ስትሄጂ የሄድሽበትን አልነገርሽኝም» አለ አባቴ በቀስታ። «ዝም የሚል ሰው ሁለት ነው። አንዱ ምንም የማያውቅ ነው። አንዱ ሁሉን የሚያውቅ ነው። አንቺ የማታውቂ አትመስዪኝም።» ከዚያ ተነሣና እትዬ ብርሃኔን እጅ ነሣ። «የልጄን ጥፋት ለኔ ብለው ይለፉልኝ» አላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የቆረጠኝ ነገር የለም። ወደ ቤት ስንሄድ ከፊት ከፊቴ ተራመደ፤ አልጠበቀኝም።

ቅጣቴ በኮላ ያበላሸኋቸው ተነቅለው፣ አሥራ ሁለቱን ገጽ ከሌላው ቅጂ ላይ በእጄ መገልበጥ ሆነ፤ ሥዕሉም ሳይቀር። አሥራ አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቀን ብዕሬን ከቁርጡ ላይ ሳስቀምጥ እትዬ ብርሃኔ ከለከሉኝ።

«እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ይህን የተዘለዘለ ጠርዝ አጽጂው፤ በተበላሸ ጫፍ ላይ ምንም አይያዝም። ደግሞ ከጎደለው አትጀምሪ። ደህና ካለው ጀምረሽ ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግተሽ ቃል ለቃል መግጠሙን እይ። ሲገጥም ነው ወደ ጎደለው የምትገቢው።»

ሴትዮዋ ስለ ዲኤንኤ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የነገሩኝ ግን ያን ቀን እገለብጠው የነበረውን ገጽ ነው። ሴሉም ሲጠግን መጀመሪያ የተበጠሰውን ጫፍ እየበላ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጉዳቱን ያሰፋው ይመስላል እንጂ እያዘጋጀው ነው፤ ከሁለቱ ክር አንዱ ተራቁቶ ይወጣል። ያ የተራቆተ ክር ፕሮቲን ለብሶ መሰሉን ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ የፊደል ጫካ መካከል ከእሱ ጋር የሚገጥመውን ሲያገኝ ገብቶ ይተኛበታል፤ የጎደለውን ከዚያ እያየ ይጽፋል፤ ጨርሶ ወደ ቦታው ይመለሳል። መሰል የሚባለው እህት ቅጂው ነው፤ ሴሉ ሊከፈል ሲል ያዘጋጀው፣ ለጥቂት ጊዜ አጠገቡ የሚቆይ። ያ ቅጂ ከሌለ ይህ ጥገና በአብዛኛው የለም። ያኔ የሚቀረው ጫፍ ለጫፍ ማጋጠም ነው፤ ይጣደፋል፣ ብዙውን ጊዜም ያዋጣል፤ አንዳንዴ ግን ፊደል ያስቀራል፣ የማይገናኘውን ያገናኛል። ኮላዬን አስታወስኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ሳቅ ደግሞ ደስታ አልነበረም።

ሥዕሎቹን በሰማያዊና በቀይ ብዕር ሳልኳቸው። ከመጽሐፉ ይልቅ የእኔ ይገባል ያሉ ነበሩ። መምህራችን ለዓመታት ተማሪዎቹን በእነዚያ ገጾች እንዳስተማረ ሰምቻለሁ። ማን ሳለው ሲሉት «አንዲት የተቀጣች ልጅ» ይላል አሉ። ስሜን ረስቶት አይደለም፤ እኔ እሱን አውቀዋለሁ።

ሴሚናሩ በግንቦት መጨረሻ ሆነ። የመጀመሪያው ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ስለሚጮህ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር የምንናገረው። ስንዱ አቀረበች፤ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። እኔ ያለ ማስታወሻ አቀረብኩ። አሥራ ሁለቱን ገጽ በጣቴ አውቃቸው ነበርና ወረቀት ማየት አላስፈለገኝም።

ሲያበቃ መምህሩ ጠየቀኝ፤ «ሴሉ የተሻለው መንገድ እያለው ስለምን በችኮላው ይሄዳል?»

«እህት ቅጂው በአጠገቡ ስለማትኖር» አልኩ። «ስትኖርም ቶሎ ካልደረሰባት ሴሉ ይከፈላል፤ እሷ የራሷን መንገድ ትሄዳለች።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ አላውቅም። ስንዱ አልሳቀችም።

በሳምንቱ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። «ያንቺ ይበልጣል» አለ መስኮቱን እያየ። «ነገር ግን በፋይልሽ ውስጥ ስለ መጽሐፉ የተጻፈ የተግሣጽ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤ ያለባትን እንዴት ላስቀር?» ስንዱ ቀረች። እኔ እንፍራንዝ ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ተመደብኩ። ሃያ ምናምን ዓመት በማይክሮስኮፕ የወባ ደም አየሁ። ሥራ ነው፤ አልናቅኩትም። ሰው አድኜበታለሁ።

ስንዱ አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ናፍቆት፣ ሰላምታ፣ የአየሩ ሁኔታ። ስለዚያ ጉዳይ አንድ መስመር የለም። አልመለስኩላትም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ቢናገረኝ ይሻል ነበር። በእኔ ግን ዳግመኛ አልማለም። ሊሞት ሲል ከአባቱ የወረሰውን፣ ሽፋኑ በቀይ ቆዳ የተለበጠውን ቁርአን አስመጣና ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ አልጋው አጠገብ የተቀመጥኩትም እኔ ነበርኩ። «መጽሐፍ ይጠብቃል እሱ» አለ። ወደ እኔ አላየም። ያለው ይኸው ብቻ ነው። ለቀስተኛውን ሦስት ቀን ቀጥ ብዬ አስተናገድኩ፤ ስለዚያ ለማንም አልተናገርኩም።

ወጣቱ በደወለ በሦስተኛው ቀን ራሷ ስንዱ ደወለች። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት፤ ወፍሯል እንጂ ያው ነው።

«ሰዓዳዬ፣ ሁለት ገጹን አልጽፍም ብለሻል አሉኝ።»

«አስብበታለሁ ነው ያልኩት።»

«በሽኝቱ ቀን እናገራለሁ» አለች። «ሁሉም ባለበት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት እላለሁ። ደብዳቤውም ከፋይልሽ እንዲወጣ አደርጋለሁ።»

«ለማን ነው የምትናገሪው?»

«ለሁሉም።»

«መስማት የነበረበት ሰው ሞቷል» አልኳት። «የሱን መቃብር ታውቂዋለሽ?»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «እኔ ፈሪ ነበርኩ፤ እሱን አልክድሽም» አለች። «አንቺ ግን ያን ሐሙስ ስለምን ዝም አልሽ? አባቴ ጠየቀሽ እኮ። እያየሽ ጠበቀሽ። አንዲት ቃል ብትወጣሽ በማግስቱ እጄን ይዞ ጎንደር ያመጣኝ ነበር። አባቴን አይተሽዋል፤ እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። አባትሽ ሳይጠራ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ አዋረድኩሽ፤ አንቺ ደግሞ ጨዋ ነሽ መባል ፈለግሽ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሃያ ምናምን ዓመት እሷን ስከስ ያን ገበታ አንድም ቀን በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር፤ የአያ ተገኘን ዓይን አይቻለሁ፣ የሚያደርጉትንም አውቅ ነበር። እውነቷን ነው። ይህን ግን ከእኔ አትሰማውም።